የባለቤቴ የውሃ ተራ

የባለቤቴን ስም መቂ ላይ አገኘሁት፤ በመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ቢሮ ግድግዳ ላይ፣ በፕላስተር በተለጠፈ ወረቀት ውስጥ። ስሙ ከነአባቱ ከነአያቱ ተጽፏል። ባለቤቴ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። በሕይወት ሳለም መቂን የሚያውቃት ከመኪናው መስኮት ነው፤ መሬት አልነበረውም፣ ሽንኩርት ተክሎም አያውቅም። ወረቀቱ ግን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላና ዓርብ ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት የቦዩ ውሃ የእሱ ነው ይላል።

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ማንበብ አልረሳሁም፣ ግን ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ጣቴ ፊት ፊት ይሄዳል፣ ዓይኔ ይከተለዋል። ሌላ ሰው ሠላሳ ስም ያለበትን ወረቀት አንዴ አየት አድርጎ ያልፋል። እኔ አንዱን ሳልጨርስ ወደሚቀጥለው አልሄድም። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ጣቴ ቆመ። መጀመሪያ ሞክሼ ነው አልኩ። የራሱና የአባቱ ስም ሊገጥም ይችላል። የአያቱ ስም ግን ዛሬ ማንም ለልጁ የማያወጣው የድሮ ስም ነው። ሦስቴ አነበብኩት። 

መቂ የመጣሁት ከልጄ ጋር ነው። ልጄ ኮምፒውተር ተምራ፣ እዚሁ በምንኖርበት አዳማ ተመርቃ፣ ሁለት ዓመት ማስረጃዋን በፕላስቲክ ይዛ ስትዞር ኖራለች። በመጨረሻ ይህ ማኅበር የውሃ ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም ሥሪልን አላት። ድሮ ተራው በደብተር ነበር የሚጻፈው። ደብተሩ ይረጥባል፣ ቅጠሉ ይቀደዳል፣ ሰው ይጣላል። ኔትወርክ ሲፈልግ የሚመጣ ሲፈልግ የሚጠፋ ስለሆነ ፕሮግራሙን ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ እዚያው በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ አደረገችው። ጸሐፊዋ ትከፍተዋለች፣ የሁለት ሳምንቱን ተራ ታትማለች፣ ትለጥፋለች። ከዚያ የፓምፑ ሠራተኛ በወረቀቱ መሠረት ውሃውን ለባለተራው ይለቃል። ሥራዋን ወደዱላትና የዚያን ቅዳሜ ለአንድ ዓመት ሊያስፈርሟት ቀጠሯት። ውል ስትፈርም አጠገቧ ልሁን ብዬ ከምሠራበት ወፍጮ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከውሉ ይልቅ መንገዱ ነው ያስወጣኝ። ባለቤቴ ሹፌር ነበር። ከሞጆ ወዲያ ባለው መንገድ ነው የቀረብኝ። ከዚያ ወዲህ ልጄ በዚያ መንገድ ስትሄድ እስክትመለስ ድረስ ምግብ አይወርድልኝም።

ወረቀቱ ፊት ቆሜ ሳለ አንድ እጁ ግራሶ የሆነ ሰው መጣ። የፓምፑ ሠራተኛ ነው፤ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

«ማዘር፣ ሰው ፈልገው ነው?»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው። ይሄ ሰውዬ ግን ማነው?» አልኩት፣ ጣቴን ከስሙ ላይ ሳላነሳ።

ሳቀ። «እሱን እኛም አላየነውም። አዲስ ነው። ሦስት ተራ አልፎታል፣ አንድ ቀን ብቅ አላለም።»

«ታዲያ ውሃው?»

«ባለቤቱ ካልመጣ ወደ ታች እለቀዋለሁ። ተሸክሜ ቤቱ አልወስድለት!»

«መሬቱስ ድሮ የማን ነበር?»

ወደ ቢሮው በር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአንዲት ሴት ነዋ። ተከራይታ ነው የምትሠራው። ስሟ ወጣ፣ የሱ ገባ። የሊቀመንበሩ ዘመድ ነው ይላሉ። የወረዳ ሰው ነው የሚሉም አሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ሁሉም።»

«አልጠየቃችሁም?»

«ማዘር ደግሞ!» አለ፣ እንደ ሕፃን እያየኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል?»

ትቶኝ ሲሄድ በመጀመሪያ ያሰብኩት ወረቀቱን ቀዳድጄ ኪሴ ውስጥ መክተት ነበር። አልደብቅም። እጄ ፕላስተሩ ድረስ ደርሷል። ከዚያ ሰው ያየኛል ብዬ ፈራሁና ተውኩት። የሆነው ምን እንደሆነ ገና አልገባኝም፤ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ በምትፈርመው ውል ላይ ስሟ ተጽፏል፣ ከስሟ ቀጥሎ ደግሞ የአባቷ ስም። ያ ስም እዚህ ግድግዳ ላይ የሰው ውሃ ይዞ ቆሟል። እስካሁን ያላስተዋሉት «ኢንጂነሯ» እያሉ ስለሚጠሯት ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሊቀመንበሩ ውሉን ጮክ ብለው ያነባሉ። ለአባቷ ውሃ የሰረቀች ይሏታል።

ልጄን ከጸሐፊዋ አጠገብ ጠርቼ አወጣኋት። ምንም ሳልናገር መስመሩን አሳየኋት።  ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ በነጭ ቀሚሷ፣ አቧራው ላይ።

«እኔ ነኝ፣ እማ» አለች። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ቀስ እያለች አስረዳችኝ። እኔም እንደማንበቤ ቀስ ብዬ ነው የገባኝ። ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ፈልጎ ያነባል። ኮንፊግ ይሏታል። የስም ዝርዝሩ የት እንደተቀመጠ፣ ፓምፑ በየትኛው ቀን እንደሚያርፍ፣ ለአንድ ሰው ስንት ሰዓት እንደሚሰጥ የምትነግረው እሷ ናት። ፕሮግራሙ በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እሷ ያለችውን ይሠራል። የልጄ የራሷ ላፕቶፕ ስክሪኑ ስለተሰበረ ባለፉት ሳምንታት ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣች የምትሠራው እዚያው በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ስለዚህ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ፕሮግራም ነበረ ማለት ነው፤ ጸሐፊዋ የምትጠቀምበትና ልጄ ገና እየሠራችው ያለችው። ሁለቱም ኮንፊግዋን የሚፈልጉት አንድ ቦታ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ነው።

«የዛሬ አሥራ አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አንድ መሬት ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ተራው እንዴት እንደሚሆን እየሞከርኩ ነበር» አለች። «ዝርዝሩን ገለበጥኩ። በግልባጩ ላይ አንድ ስም አወጣሁ፣ አንድ ስም አስገባሁ። ከዚያ ኮንፊግዋን 'ዝርዝሩ እዚህ ነው' ብዬ ወደ ግልባጩ አዞርኳት። የኔው እንዲያነበው ነበር። የጸሐፊዋም ያንኑ አነበበ።»

«መመለስ አልነበረብሽም?»

«ነበረብኝ። ሁልጊዜ ስወጣ እመልሳለሁ። የዚያን ቀን ረሳሁ።»

ለምን እንደረሳች አልነገረችኝም። የሚነግረኝ ሰውም አላስፈለገኝም። የዚያን ማክሰኞ ሦስቴ ነው የደወልኩላት። «ሳይመሽ ተነሺ። መኪና ይጠፋል። ምን ታደርጊያለሽ እስካሁን?» ሦስተኛው ላይ «በቃ እማ፣ ተነሳሁ» ብላ ነበር የዘጋችው። በማግስቱ ረቡዕ ጸሐፊዋ አትማ ለጠፈች። በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሞ ልጄ ትኩሳት ይዟት መቂ ሳትሄድ ስለቀረች ወረቀቱን አላየችም።

«ለምን የእሱን ስም ጻፍሽ?» አልኳት።

«ሌላ ስም ስጽፍ ከእውነተኛው ይምታታብኛል። የአባዬን ስም ሳይ ግን ሙከራ መሆኑን ወዲያው አውቃለሁ።» ጫማዋን አየች። «ደግሞ ከስሜ ጀርባ እንጂ ብቻውን የምጽፍበት ቦታ የለኝም።»

እዚህ ላይ ጥሩ እናት ብሆን ኖሮ ሂጂ ተናገሪ እላት ነበር። እኔ ያልኩት ሌላ ነው። «ዝም ብለሽ አስተካክይው» አልኳት። «አሁኑኑ ግቢና ስሙን መልሺ። አዲስ አትመሽ ለጥፊ። ቢጠይቁሽ መብራት ሲጠፋ ተበላሸ በይ። መብራት ያላበላሸው ነገር የለም፤ ያምኑሻል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሴትዮዋስ?»

«ዛሬ ስሟ ይመለሳል አይደል?»

«እማ፣ አሥር ቀን ሙሉ ውሃ አላገኘችም። ሽንኩርት ነው።»

ልጄ ፓምፑ ያለበት ሄዳ ሠራተኛውን ሴትዮዋ የት እንዳለች ጠየቀችው። እኔ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጥዬ ተከተልኳት። ሃያ ደቂቃ ያህል በቦዩ ዳር ሄድን። ግራና ቀኙ የሰው ማሳ አረንጓዴ ነው፤ ቲማቲሙ ቀልቷል፣ ወዲያ ማዶ ደላሎች ሽንኩርት በጆንያ እያስጫኑ ይጮሃሉ። ከዚያ አረንጓዴው መሐል አንድ ቦታ ላይ ብቻ መሬቱ ገርጥቷል።

ሴትዮዋ በሁለት ጀሪካን ውሃ ይዛ ከቦዩ ስትወጣ ደረስን። ዕድሜዋ ከኔ ትንሽ ዝቅ ይላል። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«አካም ጂርታ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳት።

«ናጋ» አለችና ጀሪካኑን አስቀመጠች። ነጭ የለበሰች ልጅና ነጠላ ያደረገች ሴት ስታይ ፊቷ ተለወጠ። በአማርኛ «የሰውዬው ቤተሰብ ናችሁ?» አለች።

«የትኛው ሰውዬ?»

«መሬቱ የተሰጠው። እኔ አልጣላም። ችግኙ የኔ ነው፤ እስኪደርስ ብቻ ተዉልኝ፣ ከዚያ እለቃለሁ። ሰውዬው ሲመጣ ግማሽ ሰዓት እንኳን ውሃ ስጠኝ ብዬ ልለምነው ነበር። ዓርብ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ጠበቅሁት። አልመጣም። ማክሰኞ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ትናንትም ጠበቅሁት። ውሃው ፊቴ እያለፈ ወደ ታች ሄደ።»

«ለምን አልወሰድሽውም?» አልኳት። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

«የሰው ተራ?» አለች። 

 ልጄን ቀድሜ እኔ ተናገርኩ። «እህቴ፣ ሰውዬው አይመጣም። ባለቤቴ ነው። ሞቷል።»

አየችኝ። «መቼ?»

«ሦስት ዓመት ሆነው።»

እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እኔ የሞተ ሰው ነው ቆሜ የጠበቅኩት?»

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለች ልጄ። «ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስሙ የሙከራ ነበር። መሬትሽን ማንም አልወሰደም። ስምሽ እዚያው አለ። እኔ…» ማልቀስ ጀመረች።

«ያቻኮልኳት ደግሞ እኔ ነኝ» አልኩ። «ሦስቴ ደውዬ።»

ሴትዮዋ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ጀሪካኗን አንስታ ወደ ትልሙ ሄደች፣ ውሃውን በቆርቆሮ እየጨለፈች በየችግኙ ሥር አፈሰሰች። ከዚያ ሳትዞር እንዲህ አለች፦ «ማንም አልወሰደም ካልሽ አሁን ሂጂና ለእነሱ ንገሪ። ለኔ መንገር ምን ያደርግልኛል? እኔማ ተነቅያለሁ ብዬ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ አበቃ። ውሃው ይምጣ።»

ስንመለስ ልጄ ፊት ፊት ትሄድ ነበር። እኔ ከኋላ ሆኜ ጸሎትም ስድብም እቀላቅላለሁ። ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። «እንግዲያው ውሉን ፈርመሽ ንገሪያቸው» አልኳት። ይህንንም አልደብቅም። «ከፈረምሽ በኋላ አያባርሩሽም።»

«እማ፣ እባክሽ።» አልዞረችም።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፤ ሊቀመንበሩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። ውሉም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከላዩ ማኅተም። ልጄ ቆማ ሁሉንም ተናገረች። መብራት አላለችም። እኔን አላነሳችም። ስትጨርስ ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ያሉት ስለ ልጄ አልነበረም።

«አሥር ቀን ሙሉ የማይታወቅ ስም ግድግዳ ላይ ሲውል አንድ ሰው አላየም?»

የፓምፑ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሟል። «አይተናል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«የርስዎ ዘመድ መስሎን ነው።»

 ከኮሚቴዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል አስመስሎ ሸፈነው።

«የኔ ዘመድ!» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ተነሥተው። «የኔ ዘመድ የሰው መሬት ይቀማል? አንድ ሰው እንኳን መጥቶ የሚጠይቀኝ ይጠፋል?»

«ጋሼ፣» አለ ሠራተኛው፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ፣ «ጠይቀን እናውቃለን እንዴ?»

ሊቀመንበሩ ተቀመጡ።  እሳቸውም የደከማቸው መሰለኝ። እኔ በልቤ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ስሙ የሙከራ መሆኑን ማንም ቢጠይቅ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር። ግን ስም ወጥቶ ስም ሲገባ ማየት ለሁሉም አዲስ አልሆነበትም። ኮምፒውተር ይሳሳታል ብሎ የጠረጠረ የለም፤ ሰው አድልቷል ብሎ ያመነ ነው የበዛው። እኔም ብሆን ከነሱ አንዷ ነኝ። የሰፈሬ ወረቀት ላይ ስሜ ቢወጣ ቤቴ ገብቼ እቀመጥ ነበር።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ውሉን አንስተው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «ዛሬ አንፈርምም» አሉ። «ይሄን ወረቀት አንሱት። ፕሮግራሙ እስኪስተካከል በደብተር እንሠራለን። ልጄ፣ ማክሰኞ ነይና እዚሁ፣ በእኛ ፊት አሳዪን። የሞተ ሰው ዳግም ውሃ እንዳይጠጣ ምን እንዳደረግሽ እናያለን። ካላሳመንሽን ግን እንመሰጋገናለን፣ እንለያያለን።» ወደ በሩ ዞረው ጨመሩ፦ «ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የኔ ተራ ነው። ለሷ ልቀቅላት፣ ሙሉውን።»

ውሃው ሲደርስ እዚያው ነበርን። ልጄ ጫማዋን አውልቃ ቦዩን ለመክፈት ዶማ ለመነች። ዶማ መያዝ አታውቅም፤ አንዴ ነካ እንዳደረገችው ሴትዮዋ ተቀበለቻትና ራሷ ከፈተችው። ውሃው በደረቀው ትልም ውስጥ ሲገባ የተሰነጠቀው መሬት ወዲያው ይጠጣው ነበር። ሴትዮዋ በየመደቡ እየዞረች፣ «ይሄ ይነሳል፣ ይሄ ይነሳል፣ ይሄ አይነሳም» ትላለች፤ ለኛ አይደለም፣ ለራሷ ነው። ላይኛው በኩል ያሉት አራት መደቦች የሚነሱ አልነበሩም።

እሁድና ሰኞ ልጄ ከጓደኛዋ ስክሪን ተውሳ፣ ከተሰበረው ላፕቶፕ ጋር አገናኝታ፣ ከወንበሯ አልተነሳችም። ሰኞ ከሰዓት ከወፍጮ ቤት ስመለስ ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቅኳት። የጠየቅኳት ማታ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ብዬ ነበር።

«ስወጣ እመልሰዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል መግባት አልፈልግም» አለች። «እረሳለሁ። አንቺ ባትደውዪም አንድ ቀን እረሳለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ለምን እንደረሳች ታውቅ እንደነበር ያወቅሁት። ነጠላዬን አጣጥፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እናንተ ወፍጮ ቤት በርበሬ የሚፈጭበት ድንጋይ ለብቻ አይደል?»

«ለብቻ ነዋ! ድሮ አንድ ብቻ በነበረበት ጊዜ ስንቱ ሰው ጤፉ አቃጥሎት ተጣልቶናል። ፈጪው ድንጋዩን ጠርጌዋለሁ ይልሻል፣ ያልጠረገው ይቀራል።»

«እሱ ነው» አለች። «እየሠራሁት ያለው ፕሮግራም ከእንግዲህ ኮንፊግ የሚፈልገው ራሱ ባለበት ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው፤ ከሥራዬ ጋር አጠገቡ። ጸሐፊዋ የምትጠቀምበት ደግሞ የቢሮውን ብቻ። አንዱ የሌላውን ቦታ አያውቅም።»

«አጠገቡ ፈልጎ ቢያጣስ? ያን ጊዜ ወደ ቢሮው ሄዶ አይወስድም?»

ስክሪኑን ትታ ወደኔ ዞረች። «ትናንት እንደሱ ነበር ያደረግኩት። ካጣ እዚያ ሂድ ብዬው ነበር። ዛሬ ጠዋት አጠፋሁት። ካጣ ይቆማል። አጣሁ ይላል፣ ይቆማል።»

«ቢቆም አያሳፍርሽም? በነሱ ፊት?»

«ይቁም፣ እማ። ከዚህስ ያኛው የባሰ ያሳፍረኛል።»

ማክሰኞ አብሬያት አልሄድኩም፤ ፈቃድ አልተሰጠኝም። የሆነውን እሷ ነች የነገረችኝ። በኮሚቴው ፊት የምትሠራውን ፕሮግራም ከፈተች፣ ሠራ። ከዚያ ኮንፊግዋን ሆን ብላ አጠፋችና እንደገና ከፈተችው። የስም ዝርዝር አላወጣም። «የመሞከሪያ ኮንፊግ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ቆመ። የጸሐፊዋን ሲከፍቱት እውነተኛው ዝርዝር እንዳለ አለ፤ አሥራ አራተኛው ላይ የሴትዮዋ ስም። ልጄ አንድ ሌላም ነገር አድርጋለች። በሙከራው ላይ የሚታተም ወረቀት ሁሉ ዳር እስከ ዳር «ሙከራ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ እንዲኖረው አድርጋዋለች። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው አይተው፣ «ሳያውቁ የሰው ማሳ ከመግባት በር ላይ መቆም ይሻላል» አሉ አለችኝ። ለአንድ ዓመት አልፈረሙላትም። ለስድስት ወር ፈረሙላት። ከዚያ በተጨማሪ ተራ ከመለጠፉ በፊት የፓምፑ ሠራተኛ ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ወሰኑ፤ የማይታወቅ ስም ሲሰማ «ማነው?» ያላለ ሰው ይወቀሳል።

እኔ መፈረሟን ስሰማ እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር። አላልኩም። ድካም ብቻ ነው የተሰማኝ፣ ጆንያ ሙሉ ቀን እንደተሸከመ ሰው። ልጄ ቀጥተኛ መንገድ የሄደችው ከኔ ተምራ አይደለም። በዚያ አንድ ቀን ውስጥ ሁለቴ ዝም በይ አልኳት፣ ሁለቴም አልሰማችኝም። ልኮራ ይገባኛል። ግን ስለ ራሴ ምን እንደምል አላውቅም። ለልጅ ማሰብ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰውን ማሳ ከማየት ያግዳል፤ እኔን አግዶኛል።

ሴትዮዋ አራቱን መደብ ገልብጣ ጎመን ተከለችበት። ሽንኩርቱ ሲደርስ መኪናው ላይ የጫነችው ከጎረቤቶቿ ያነሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ መቂ ሄጃለሁ፤ ሁለቴም ቦዩ ዳር አግኝቻታለሁ። እኔን እጄን ጨብጣ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፤ በቆሎ እሸት እንኳን ሰጥታኛለች። ልጄን ግን ሰላም አትላትም። ልጄ ትልሙ ዳር ቆማ እስክንጨርስ ትጠብቃለች። ከመኪና ማቆሚያው ወደ ቢሮው የሚወስድ ሌላ አቋራጭ አለ፤ ፀሐዩም ይቀንሳል። እሷ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ በቦዩ ዳር ነው የምትሄደው፣ ጎመኑን አልፋ።